ለቀኙ ጉልበቴ እሺ፣ ለግራው ገና፦ የአንድ ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክና የአንድ ጉልበት ሐኪም ግምገማ

ይህን የምጽፈው የጉልበታቸው ሎሚ በየጊዜው ከቦታው እየወጣ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ነው፤ በተለይም «ቀዶ ሕክምና ላድርግ ወይስ በእንቅስቃሴ ልቀጥል?» እያሉ ለሚጨነቁት። የምገመግመው ሁለት አገልግሎት ነው። አንደኛው መገናኛ አካባቢ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ያለ አነስተኛ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ነው። ሁለተኛው ክሊኒኩ የላከኝ የጉልበት ቀዶ ሐኪም የሚሰጠው ምክር ነው። ሁለቱንም ሳልሳሳ አመሰግናለሁ፤ ጉድለታቸውንም እናገራለሁ።

በባህል ምግብ ቤት የምሠራ ተወዛዋዥ ነኝ። የጎጃምና የጎንደር እስክስታ የትከሻ ሥራ ስለሆነ ጉልበቴን አያስቸግረውም። እንጀራዬን የሚፈትነው የጉራጌው ጭፈራ ነው፦ ጉልበት ከፍ ይላል፣ እግር መሬት ይመታል፣ ወዲያው መዞር አለ። ጉዳቱ ያለው መዞሩ ላይ ነው። እግሬ እንደተተከለ ሰውነቴ ሲዞር የቀኙ ሎሚ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። አንዳንዴ ወጥቶ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ግን ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከጎን ይቀመጣል፤ እግሬን ቀስ ብዬ እስክዘረጋው ድረስ ጉልበቴ የሌላ ሰው ይመስላል። መጀመሪያ የወለቀው ተማሪ ሳለሁ መረብ ኳስ ስጫወት ነው። ግራው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ይንሸራተታል፣ ያስፈራራል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን በቅጡ የነገረኝ ሰው ያገኘሁት ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ የተረዳሁትን እዚህ ላስቀምጥ። ሎሚው የሚንሸራተተው በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ነው። ጉልበት ሲዘረጋ ሎሚው ከቦዩ በላይ ይሆናል፤ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ሲታጠፍ ወደ ቦዩ ይገባል። እዚያ እስኪገባ ድረስ ወደ ውጭ እንዳይሄድ በዋናነት የሚይዘው ከውስጥ በኩል ያለ አንድ ስስ ጅማት ነው፤ ከሚይዘው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእሱ ነው። ሎሚው ሙሉ በሙሉ ሲወልቅ ይህ ጅማት አብዛኛውን ጊዜ ይቀደዳል፤ ከዚያ ቢያገግምም ላልቶ ሊቀር ይችላል። ቦዩ ከተፈጥሮ ጠፍጣፋ የሆነበት፣ ሎሚው ከፍ ብሎ የተቀመጠበት ወይም መገጣጠሚያው ሁሉ የላላ ሰው ደግሞ ችግሩ ይብስበታል።

ከእነዚህ ሁለት አገልግሎቶች በፊት ያለፍኩባቸውን በአጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የወለቀ ጊዜ እናቴ ወጌሻ ዘንድ ወስዳኛለች። ሰውየው እጃቸው የተባረከ ነው፤ ሎሚውን ያለ ብዙ ሥቃይ መለሱልኝ። ይሁን እንጂ ሎሚው ሲወጣና ሲመለስ ከአጥንቱ ጠርዝ ጋር ስለሚጋጭ፣ ስባሪ አጥንት ወይም ካርቲሌጅ የሚባለው ለስላሳ ልባስ ተልጦ ጉልበት ውስጥ ሊቀር ይችላል። ይህን ማንም ሰው በእጁ ዳሶ ሊያውቀው አይችልም። ከመጀመሪያው ውልቃት በኋላ ጉልበቱ በፍጥነት ካበጠ ራጅ መነሳት፣ ሲያስፈልግም ኤምአርአይ ማድረግ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ተልጦ የቀረ ስባሪ መኖሩ ገና በመጀመሪያው ውልቃት ወደ ቀዶ ሕክምና ከሚያስኬዱ ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ከዚያ የጉልበት ድጋፍ ገዛሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ጉልበትን ብቻ የሚያሞቅ ተራ ላስቲክ ሲሆን ለዚህ ችግር እምብዛም አይረዳም። ሁለተኛው ፊት ለፊቱ ለሎሚው ቀዳዳ ያለው፣ በውጭ በኩል ደግሞ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ጠንካራ ትራስ የተሰፋበት ነው፤ ትራሱ ሎሚው ወደ ውጭ እንዳይሄድ ይገፋል። የምትገዙ ከሆነ ሁለተኛውን ግዙ፤ ከመክፈላችሁ በፊትም አጥልቃችሁ ደረጃ ውጡበት፣ ውረዱበት። ገበያ ስሄድ፣ ረጅም መንገድ ስሄድ ልብ ይሰጠኛል። መድረክ ላይ ግን ላብ ሲመጣ ወደ ባቴ ይንሸራተታል፤ ትራሱም ከቦታው ይነሳል። ከውልቃት በኋላ ላሉት ሳምንታት ጥሩ ነው፤ ለዘለቄታው መፍትሔ አይሆንም።

አንድ የግል ሆስፒታልም ሄጄ ነበር። ሐኪሙ አንድ ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅለው አዩና ሁለቱም ጉልበት ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ነገሩኝ። ጉልበቴን አልነኩትም። ስንት ጊዜ እንደወለቀ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ፣ እንቅስቃሴ ሠርቼ እንደማውቅ አልጠየቁም። ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደሆነ ብጠይቅ «እናስተካክለዋለን» ነበር መልሱ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው አካሉን አሳልፎ መስጠት የለበትም፤ ይህን በሙሉ ልቤ እናገራለሁ።

ወደ ክሊኒኩ ልመለስ። ፊዚዮቴራፒስቷ ወጣት ናት። በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ወስዳ መረመረችኝ። አስቀድማ የአውራ ጣቴን ወደ ክንዴ፣ ትንሿን ጣቴን ወደ ኋላ አጠፈች፤ ክርኔንና ጉልበቴን ዘረጋች፤ በመጨረሻም ጉልበቴን ሳላጥፍ መዳፌን መሬት እንዳስነካ አደረገች። ከ9 ነጥብ የሚታሰብ የመገጣጠሚያ መላላት መለኪያ ነው፤ እኔ 6 አገኘሁ። ቀጥሎ አስተኝታ ጉልበቴን በመጠኑ አጥፋ ሎሚውን በአውራ ጣቷ ወደ ውጭ ገፋ አደረገችው። ሳላስበው እጇን ጭብጥ አድርጌ ያዝኳት። «ይሄ መያዝሽ ራሱ ምልክት ነው» አለችና ጻፈች። በግራው ስታደርገው ፊቴን አኮሳተርኩ እንጂ እጇን አልያዝኩም። ያንንም ጻፈች። ሁለቱ ጉልበቶቼ የተለያየ ጉዳይ እንደሆኑ መጀመሪያ የተለየው እዚያ አልጋ ላይ ነው።

ከዚያ መስታወት ፊት አቁማ ከዝቅተኛ ሣጥን ላይ በአንድ እግሬ ቀስ ብዬ እንድወርድ ነገረችኝ። ጉልበቴ ወደ ውስጥ ሲወድቅ በዓይኔ አየሁት። ጥፋቱ የጉልበቱ ብቻ አይደለም አለች፤ የዳሌና የመቀመጫ ጡንቻ ሲደክም ጭኑ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ያኔ ሎሚው ወደ ውጭ ለመሄድ መንገዱ ይከፈትለታል። ስለዚህ ሥራችን የጭን ጡንቻ ብቻ ሳይሆን ዳሌንም ያጠቃለለ ሆነ፦ ጉልበት ላይ ላስቲክ አስሮ ወደ ጎን መራመድ፣ በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ማንሳት፣ በአንድ እግር መቆም፣ ከሣጥን ወርዶ ያለ ድምፅ ማረፍ። «እግርሽ መሬት ሲነካ እንዳልሰማ» ትላለች፤ ከሰማች እንደገና።

ይህን ክሊኒክ ከሌላው የለየብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የጉራጌ ጭፈራ ምት እንድከፍት ጠየቀችኝና እዚያው ጠባብ ክፍል ውስጥ እንድጨፍር አደረገችኝ። በስልኳ ቀረጸችና ቪዲዮውን አዘግይታ አሳየችኝ። ስዞር ሙሉ ክብደቴ በተተከለው እግር ላይ ነው፤ ተረከዜም መሬቱን አይለቅም፤ ጉልበቴ ተዘርግቶ ሳለ ጭኑ ይዞራል። ሎሚው ከቦዩ በላይ የሆነበት ቅጽበት ማለት ነው። ተረከዜን አንስቼ፣ ጉልበቴን በመጠኑ አጥፌ፣ በእግሬ ጣቶች ሥር እንድዞር አሠለጠነችኝ። የጭፈራው ቀልብ አልተነካም፤ የመድረክ ጓደኞቼ እንኳን ለውጡን አላስተዋሉም። አንድ የጤና ባለሙያ የታካሚውን ሥራ ድረስ ወርዶ ሲያይ እንዲህ ያለ ጥቅም ይገኛል። እንጀራዬን እንዳከበረችልኝ ነው የቆጠርኩት።

ጉድለቱን ልናገር። ምድር ቤቱ ብርሃን የለውም፤ ልብስ መቀየሪያው አንድ መጋረጃ ነው፤ ለሴት ልጅ አይመችም። ቀጠሮ አይከበርም፤ ከፊቴ ያለው ሰው ሲረዝም የእኔ ሰዓት ያጥራል። ቤት ወስጄ የምሠራው የእንቅስቃሴ ወረቀት ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እኔ እንደምንም አነበዋለሁ፤ አጠገቤ ላስቲክ ስበው የሚሠሩት እናት ግን ሥዕሉን ብቻ እያዩ የተሳሳተውን እግር ያነሱ ነበር።

በወራት ሥራ ግራው ጉልበቴ ተለወጠ። መንሸራተቱ ቀረ ማለት ይቻላል፤ ደረጃ ስወርድ እጄ ድጋፍ መፈለግ አቆመ። ቀኙም በመድረክ ላይ ተሻለው። ይሁን እንጂ ከሚኒባስ ስወርድ፣ ረዳቱ «ቶሎ ቶሎ» ሲል ዘወር ባልኩበት ወለቀ። ጭፈራ አይደለም፣ ሩጫ አይደለም፤ ከታክሲ መውረድ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ይህን ስትሰማ እንቅስቃሴው አልሠራም ብላ አላዘነችም፣ ጥቂት ወር ጨምሪ ብላም አልያዘችኝም። ጡንቻው የሚችለውን ያህል ደርሷል፣ የቀረው የጅማቱ ጉዳይ ሊሆን ይችላልና በኤምአርአይ ይታይ ብላ ወደ ሐኪሙ ላከችኝ። ገቢዋን የሚቀንስ ምክር ነው የሰጠችኝ፤ ይህን አልረሳውም።

ሐኪሙን ለማግኘት ረጅም ሰዓት ጠብቄአለሁ፤ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጡ ነው የሚያዩት። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ በልዩ የሚሠሩ ሐኪሞች ጥቂት ስለሆኑ ወረፋው አይገርምም። እናቴን ይዤ ነበር የሄድኩት። ኤምአርአዩን ከወረቀቱ ሳይሆን ከሲዲው ራሳቸው ስላዩት፣ ምርመራ ስታደርጉ ሲዲውን ጭምር ጠይቁ። የጎን ራጅ፣ ጉልበት ታጥፎ ከላይ የሚነሳ ራጅና ሲቲ ስካንም ታይቷል። የኤምአርአዩ ዋጋ ከወር ገቢዬ ትልቁን ክፍል ወስዷል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ያገኘሁት መልስ ግን ዋጋውን ያካካሰ ነው።

ልኬታቸውን እያሳዩ ነበር የሚያስረዱት። የመጀመሪያው መለኪያ የሎሚው ከፍታ ነው። ከጎን ራጅ ላይ የሚሰላ ቁጥር ሲሆን ከ1.2 ሲበልጥ ሎሚው ከፍ ብሏል ይባላል፤ የእኔ 1.1 ነው። ሁለተኛው በቦዩ መካከልና የሎሚው ጅማት በቅልጥም አጥንት ላይ በሚታሰርበት ጉብታ መካከል ያለው የጎን ርቀት ነው። ከ20 ሚሊሜትር ከበለጠ ጉብታውን በመጋዝ ቆርጦ ማዛወር ሊታሰብ ይችላል፤ የእኔ 17 ነው። ሦስተኛው የቦዩ ጥልቀት ነው። ቦዩ ምን ያህል እንደጠፈጠፈ የሚለየው ከሀ እስከ መ የሚሄደው አመዳደብ ከፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ የዴዡር ቤተሰብ ሐኪሞች ሥራ የመጣ ነው፤ የእኔ ቀላሉ ደረጃ ላይ ነው። አጥንቴ በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ከውስጥ በኩል ሎሚውን የሚይዘው ጅማት ላይ ነው፦ የቀኙ ተቀድዶ ላልቷል፣ ከሎሚው ጀርባ ያለው ለስላሳ ልባስም መፋቅ ጀምሯል፤ የግራው ጅማት ግን ሙሉ ነው።

ስለዚህ ለቀኙ የሚያስፈልገው አጥንት መቁረጥ ሳይሆን ጅማቱን መተካት ነው። ከቋንጃ አንድ ቀጭን ጅማት ይወሰድና ከሎሚው የውስጥ ጠርዝ እስከ ጭን አጥንት ይዘረጋል። ዋናው ጥበብ ጭን አጥንቱ ላይ የሚታሰርበት ነጥብ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ ጉልበት ሲታጠፍ ጅማቱ ከመጠን በላይ ይወጠርና ሕመምና መድረቅ ያመጣል። ነጥቡን በቀዶ ሕክምናው መሀል በራጅ እንደሚያረጋግጡ ጠየቅኳቸው፤ እንደሚያረጋግጡ ነገሩኝ። እናንተም ይህን ጠይቁ። የውጩን ጅማት ብቻ ቆርጦ ማላላት የሚባለው አሠራር ለዚህ ችግር ብቻውን እንደማይመከርም ከእሳቸው ነው የሰማሁት።

እኔን ያሳመነኝ አደጋውን አለመደበቃቸው ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 የታተመ አንድ የጥናቶች ማጠቃለያ በዚህ ቀዶ ሕክምና ላይ 629 ጉልበቶችን አይቶ 26 በመቶ ያህል የተለያየ ችግር መዝግቧል፤ ከቀላሉ ሕመም አንሥቶ እስከ ጉልበት መድረቅ፣ የሎሚ መሰበርና ዳግም መውለቅ ድረስ። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ2004 የታተመ 189 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀባቸው ሰዎች ላይ በሁለትና በአምስት ዓመት መካከል ባለው ክትትል ዳግም የወለቀው 17 በመቶ ሲሆን፣ ቀድሞም ችግሩ የነበረባቸው ላይ ግን 49 በመቶ ነው። ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን ቀዶ ሕክምናን ከሌላው ሕክምና ጋር ሲያወዳድር ማስረጃውን ደካማ ብሎታል። እንግዲህ ቁጥሩ ብቻውን አይወስንልኝም። «ቀዶ ሕክምናው ሎሚው እንዳይወልቅ ያግዛል፤ ወደፊት የመገጣጠሚያ መበላት አይመጣም ብዬ ግን ቃል አልገባም» አሉኝ።

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «እናቴ፣ እርስዎስ ምን ይጠይቃሉ?» አሉ። እናቴ የጠየቀችው እኔ ያላሰብኩትን ነው፦ ስግደት። በሰሙነ ሕማማት ትሰግዳለች፣ እኔንም ታሰግዳለች። ሐኪሙ ቀለል አድርገው አላለፉትም። ጉልበት ሙሉ በሙሉ መታጠፉ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ነገር ግን በተቆረጠው ቆዳና በሎሚው ላይ መንበርከክ ለብዙ ወራት፣ አንዳንድ ሰው ላይም ከዚያ በላይ ሊያም ይችላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ስግደት በመቆም ይተካ፣ ለንስሐ አባትሽም ንገሪ አሉኝ። ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት ሁሉ ተነሣ። የምንኖርበት ግቢ መጸዳጃው ቁጢጥ የሚባልበት ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እህቴ ቤት እንድከርም እዚያው ተወሰነ። የሕክምና ምክር ስለ ቤታችን፣ ስለ እምነታችን፣ ስለ አቀማመጣችን እስከ መጠየቅ ሲደርስ ሰው ልቡ ይረጋል። ለዚህ ብቻ እንኳን ወደ እሳቸው ሌላ ሰው እልካለሁ።

የሚወስደውንም ጊዜ አልሸፈኑም። በመጀመሪያ ሳምንታት ክራንችና የጉልበት ድጋፍ፣ ከዚያ ረጅም የፊዚዮቴራፒ ሥራ፤ ወደ ስፖርትና ጭፈራ መመለስ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ እሱም የጭን ጡንቻው ከሌላኛው እግር ጋር ሲስተካከል። ለእኔ ያ ማለት በየምሽቱ የሚከፈለኝና ግንባሬ ላይ የሚለጠፈው ሽልማት ለግማሽ ዓመት ይቋረጣል ማለት ነው። ከቀዶ ሕክምናው ክፍያ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ከቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጋር ተነጋግሬ በእነዚያ ወራት እየተቀመጥኩ አዳዲስ ልጆችን እንዳሠለጥን ተስማምተናል፤ የዕቁብ ጓደኞቼም ተራዬን ወደ ፊት አምጥተውልኛል።

ቀኙን ላሠራው የወሰንኩት ደጋግሞ ሙሉ በሙሉ ስለወለቀ፣ ጅማቱ መቀደዱ በኤምአርአይ ስለታየ፣ ልባሱ መፋቅ ስለጀመረና ከእውነተኛ የእንቅስቃሴ ሥራ በኋላም ከታክሲ ስወርድ ስለከዳኝ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል እቆይ ነበር። ግራው ከእነዚህ አንዱም የለበትም። የመጀመሪያው ሆስፒታል ያለውን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ጅማት ያለው ጉልበት ይከፈት ነበር፤ ይህን ሳስብ እስካሁን እናደዳለሁ። እድገቱን ያልጨረሰ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ የእኔን ውሳኔ እንዳለ አትውሰዱት፤ በልጆች ላይ አጥንቱ የሚያድግበት መስመር እንዳይነካ ስለሚያስፈልግ አሠራሩ ይለያል፣ ጉብታውን ቆርጦ ማዛወርም አጥንቱ አድጎ እስኪያበቃ አይደረግም።

ቀኑ ከፋሲካ በኋላ ተይዟል። ፊዚዮቴራፒስቷ እስከዚያ ድረስ የቀኙን ጭን ማጠንከር እንዳላቆም ነግራኛለች፤ ጠንክሮ የገባ ጡንቻ ቶሎ ይነቃል ትላለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ቀጠሮም ካሁኑ መዝግባልኛለች። የእንቅስቃሴውን ወረቀት በአማርኛ እኔ ራሴ ጽፌ ሰጥቻታለሁ፤ አባዝታ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች።